የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ሙዚቀኞችና የእኩልነት ትግል፦ ዘጋቢ ፊልሙ የሚበላሽባቸው ቦታዎች

#1 ቆርጦ_ቀጣይ

ሰላም ለመድረኩ። ስለ ጌይ፣ ሌዝቢያንና ትራንስ ሙዚቀኞች የሚሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች ብዙዎቹ አንድ መንገድ ይዘው ይሄዳሉ። ዘፋኙ ተደብቆ ኖረ፣ አንድ ቀን ራሱን ገለጠ፣ ሰልፍ ወጣ፣ ሕጉ ተለወጠ፣ አለቀ። በመሀል የሚጠፋው ዘፈኑ ነው። ምን ብሎ እንደተዘፈነ፣ በዚያ ቀንና በዚያ አገር ምን ዓይነት ሕግ እንደነበረ ሳናውቅ ፊልሙ ያልቃል። ይህን ክር የከፈትኩት 90 ደቂቃ የሚሆን ፊልም ለሚያዘጋጁና የአማርኛ ሰብታይትል ለሚሠሩ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰንጠረዥ ይሠራ። በግራ ዓምድ ዘፈኑና የወጣበት ቀን፣ በቀኝ በዚያው ቀንና ቦታ ይሠራ የነበረው ሕግ። ሁለቱን ሳያጎራብቱ ትረካ መጻፍ አይቻልም። ብሮንስኪ ቢት የተባለውን የለንደን ቡድን ውሰዱ። የ1984 የመጀመሪያ አልበማቸውን ሰው ለጾታ ግንኙነት መስማማት በሕግ በሚፈቀድለት ዕድሜ ስም ሰየሙት፤ በውስጠኛው ሽፋን ላይም በየአገሩ ለወንዶች የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት የተወሰነውን ዕድሜ ዘርዝረው አተሙ። በቀኝ ዓምድ ምን ይገባል? በእንግሊዝና ዌልስ በ1967 ሕግ ዕድሜው 21 ነበር፤ በ1994 ወደ 18 ወረደ፤ ከሌላው ሰው እኩል 16 የሆነው በ2001 ነው። ያንን ሽፋን ለ6 ሰከንድ ካሜራ ፊት ያዙትና የሕጉን ዓመቶች ከሥሩ አስቀምጡ። ተራኪ ያልተናገረውን ወረቀቱ ይናገራል።

ሁለተኛ ምሳሌ። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ቶም ሮቢንሰን ጌይ መሆንን በግልጽ የሚያነሳውን ዘፈኑን በ1978 ሲያወጣ ከሌሎች ሦስት ዘፈኖች ጋር በአንድ ሸክላ ነበር። ሸክላው የሽያጭ ደረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ ሲገባ የቢቢሲ ሬዲዮ 1 ያንን ትቶ ከዚያው ሸክላ ሌላውን አጫወተ። ይህን «ታገደ» ብሎ በአንድ ቃል ማለፍ ስህተት ነው። ሸክላው ይሸጣል፣ ደረጃ ውስጥ ይቆጠራል፣ አየር ላይ ግን ሌላ ዘፈን ይሰማል። አድልዎው የሠራው እንዲህ ስለሆነ ፊልሙም እንደዚሁ አንድ በአንድ ያሳየው።

ሌላም ነገር አለ። ከድሮ ቃለ መጠይቅ የሚወሰድ ቁራጭ ሁሉ ዓመቱ ይጻፍበት። የብሉዝ ዘፋኟ ግላዲስ ቤንትሊ በ1920ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርኩ ሃርለም ነጭ ቶክሲዶ (የወንድ የክት ሱፍ) ለብሳ ረጅም ባርኔጣ አድርጋ ፒያኖ እየመታች ትዘፍን ነበር። በ1952 ግን «ኤቦኒ» መጽሔት ላይ በሆርሞን ሕክምና «እንደገና ሴት ሆንኩ» የሚል ጽሑፍ በስሟ ወጣ። የሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኙ ሊትል ሪቻርድም በተለያዩ አሥርት ዓመታት ስለ ራሱ የሚጋጩ ነገሮችን ተናግሯል። ዓመት ካልተጻፈ ኤዲተሩ የፈለገውን መርጦ የመጨረሻ ቃላቸው ያስመስለዋል። የ1952ቱ ጽሑፍ በዚያ ዘመን አሜሪካ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ከመንግሥት ሥራ ይባረሩ እንደነበር ሳይነገር ለብቻው ከቀረበ ደግሞ ሴትዮዋን መበደል ነው።

ሙያው ያላችሁ ቀጥሉ።


#2 የሸክላ_ነገር

ስለ ቤንትሊ ከተነሳ ከድምፁ እንጀምር። የ1920ዎቹ ሸክላ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው።

አንደኛው መርፌው። የኋለኛው ዘመን ባለ 33 ዙር ሸክላ መርፌ ጫፉ 18 ማይክሮን አካባቢ ነው። የ78 ዙር፣ ማለትም በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው፣ የድሮ ሸክላ ቦይ ሰፊ ስለሆነ ከ65 እስከ 76 ማይክሮን የሚሆን ይፈልጋል። ቀጭኑ መርፌ ቦዩ ወለል ላይ እየተንሸራተተ የሚያነበው ቆሻሻውን ነው፤ ከዚያ «ሸክላው አርጅቷል» ይባላል።

ሁለተኛው እጥበት። በአልኮል እንዳትነኩት። የ78 ዙር ሸክላ የተሠራው ሼላክ ከሚባል ሙጫ ነው፣ ሼላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። የተጣራ ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ ለስላሳ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ በቦዩ አቅጣጫ። መሀሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይረጥብ።

ሦስተኛው ለዚህ ፊልም ዋናው ነው፦ ፍጥነት። በዚያ ዘመን ሁሉም ሸክላ ልክ በ78 አልተቀረጸም። በ80 የተቀረጸ በ78 ቢጫወት ድምፁ ወደ ሩብ ቃና ገደማ ይወርዳል፤ ተቃራኒውም እንዲሁ ወደ ላይ። የቤንትሊን ወይም የብሉዝ ዘፋኟን የማ ሬይኒን ድምፅ ስታሰሙ ተመልካቹ የሚያደምጠው የድምፁን ውፍረት ነው፣ ተቺዎችም ያኔ ስለሱ ጽፈዋል። ፍጥነቱ ከተሳሳተ እነሱ ያልነበራቸውን ድምፅ እየሰጣችኋቸው ነው። ማረሚያው ቀላል ነው፦ ፒያኖው ወይም የትንፋሽ መሣሪያው በየትኛው የዜማ ቁልፍ (ኪ) መጫወት እንደሚቀለው አስቡ፣ ፍጥነቱን እስከዚያ አስተካክሉ፣ ከዚያ ቅዱ። 96 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ምንም ማጽጃ ያልነካው አንድ ቅጂ ይቀመጥ። ጩኸት ማጥፊያ ፕሮግራም በሁለተኛው ቅጂ ላይ ብቻ፣ እሱም በጥቂቱ። ሲበዛ የ«ሰ» እና የ«ሸ» ድምፆች አብረው ይሄዱና ግጥሙ አይሰማም።


#3 ውል_አንባቢ

ብዙ ፊልም የሚሰናከለው በቅጂ መብት ነው፤ እዚህ ረዘም ልበል።

ለአንድ ዘፈን ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዱ የድርሰቱ፣ ማለትም የግጥምና የዜማው፣ ከደራሲው ወይም የደራሲውን መብት ከሚያስተዳድረው። ሌላው የቅጂው፣ ማለትም ያ የተቀረጸው ድምፅ፣ ከሙዚቃ ቤቱ። ዘፋኙ ራሱ «በደስታ፣ ተጠቀሙበት» ቢል እንኳ ሁለቱንም ላይዝ ይችላል። ብዙ ጊዜም አይዝም።

ጥያቄው ሲጻፍ እነዚህ ይግቡ፦ ስንት ሰከንድ፣ በየትኛው ትዕይንት፣ ከጀርባ ነው ወይስ ጎልቶ፣ ለየትኛው አገር፣ ለስንት ዓመት፣ በምን መንገድ (ፌስቲቫል፣ ቴሌቪዥን፣ ኢንተርኔት)። ገንዘብ ለሌለው ፊልም የሚሻለው በደረጃ መዋዋል ነው፦ መጀመሪያ ለፌስቲቫል ብቻ ለአንድ ዓመት፣ ፊልሙ ከተሸጠ ግን ለዓለም በሙሉና ለዘለቄታው የሚከፈለው ዋጋ አሁኑኑ በውሉ ተቆርጦ ይጻፍ። ዋጋው ሳይጻፍ ቀርቶ ፊልሙ ተወዳጅ ከሆነ በኋላ መደራደር ማለት አንገትን ለገመድ መስጠት ነው።

«ለሌላው ከከፈላችሁት አላንስም» የሚል አንቀጽም ይመጣል። ለድርሰቱ 500 ተስማምታችሁ ሙዚቃ ቤቱ 2,000 ካስከፈለ ድርሰቱም 2,000 ይሆናል። ስለዚህ ውዱን ወገን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የጊዜ ገደብን በተመለከተ አሜሪካና አውሮፓ ይለያያሉ። አሜሪካ ውስጥ በ1928 ታትሞ የወጣ ድርሰት ጥር 1 ቀን 2024 ነጻ ሆኗል፤ በ1928 የወጣ የድምፅ ቅጂ ግን 100 ዓመት ስለሚጠበቅ እስከ 2028 መጨረሻ አይለቀቅም። ወጥመድ አለበት፦ በአሜሪካ ሕግ ከ1978 በፊት ሸክላ መሸጥ ብቻውን ድርሰቱን «ማሳተም» አይባልም። የብሉዝ ዘፈኖች ብዙዎቹ በኖታ ወረቀት አልታተሙም፤ ስለዚህ «1928 ነው፣ ነጻ ነው» ከማለት በፊት የምዝገባው መዝገብ ይታይ። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ድርሰት ደራሲው ከሞተ 70 ዓመት ነው። ማ ሬይኒ በ1939 ስለሞተች እሷ የደረሰችው ከ2010 ጀምሮ ነጻ ነው፤ ከ1963 በፊት የወጡ የድምፅ ቅጂዎችም ጊዜያቸው አልፏል። ፊልሙ በሁለቱም ቦታ የሚታይ ከሆነ ጥብቁ ሕግ ነው የሚገዛው።


#4 ጀማሪ_ካሜራ

ውል_አንባቢ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዘፈኑን በአዲስ ባንድ አስዘፍኖ መቅረጽ ከዚህ ሁሉ አያድንም?


#5 ውል_አንባቢ

ከግማሹ ያድናል። የሙዚቃ ቤቱ ፈቃድ ይቀራል፣ የድርሰቱ ግን አይቀርም። አዲሶቹ ተጫዋቾችም ፈርመው መብቱን ለፊልሙ ማስተላለፍ አለባቸው፣ ከበሮ መቺው ሳይቀር። ግን ለዚህ ርዕስ አልመክርም። ተመልካቹ መስማት ያለበት በ1928 አደጋውን ወስዳ የዘፈነችውን ማ ሬይኒን እንጂ በሰላም ቀን የሚያስመስላትን አይደለም። ዘፈን ቀንሱ እንጂ ድምፅ አትተኩ። ሃያ ዘፈን ከሚነካካ ፊልም ስድስቱን በሚገባ የሚያሰማ ይሻላል።

በነገራችን ላይ፣ መብቱ የት እንዳለ ስትፈልጉ ሙዚቃ ቤትና ቤተሰብ ጋ ብቻ አትቁሙ። አሜሪካዊው የዲስኮ ዘፋኝ ሲልቬስተር በታኅሣሥ 1988 በኤድስ ምክንያት ሲሞት የወደፊት የዘፈን ገቢውን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የኤችአይቪ ታማሚዎችን ለሚረዱ ሁለት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተናዞ ነው። ይህ ለፈቃድ ፈላጊ የአድራሻ ጉዳይ ነው፣ ለፊልሙ ግን አንድ ሙሉ ትዕይንት ነው። ኑዛዜውን ሳይነግሩ የዳንስ ቤት መብራት ብቻ የሚያሳዩ ሰዎች ምን እንደጣሉ አያውቁም።


#6 ጥላ_ጠባቂ

በሕይወት ስላሉት እንነጋገር። ስማቸው ወይም ፊታቸው እንዳይታወቅ የሚፈልጉ ሙዚቀኞች ቃል ሲሰጡ ስህተቱ የሚጀምረው ካሜራው ሳይከፈት ነው።

ፈቃድ ሦስት ጊዜ ይጠየቅ። ከቀረጻ በፊት፣ ቀረጻው እንዳለቀ፣ የመጀመሪያው ቅንብር ሲጠናቀቅ ደግሞ የራሳቸውን ክፍል አሳይታችሁ። በመጨረሻው ላይ «ተውኝ» የማለት መብት በውሉ ይጻፍ፣ ቀኑም ይቆረጥ፦ ለምሳሌ ድምፁ ተቀናብሮ ከመዘጋቱ 30 ቀን በፊት። ቀን ከሌለው ሰውዬውም አይተኛም፣ አዘጋጁም አይተኛም። ደግሞ ፈቃዱ ቴሌቪዥንና ኢንተርኔትን ለይቶ ይጠይቅ። በፌስቲቫል አዳራሽ ለ200 ሰው መታየትና ስልክ ላይ ተቆርጦ መዞር አንድ አይደለም።

ማደብዘዝን አትመኑ። ለስላሳ ብዥታ ወይም ትልልቅ ካሬ ሲደረግ ሰውዬው ከተንቀሳቀሰ ብዙ ፍሬም ተደምሮ መረጃ ያወጣል። ከጀርባ መብራት አድርጎ ጥላውን ብቻ መቅረጽ፣ ወይም ፊቱን በአንድ ወጥ ቀለም ሙሉ በሙሉ መሸፈን ይሻላል። ጥላ ሲቀረጽ ደግሞ በነጭ ግድግዳ ነጥሮ የሚመለስ ብርሃን ጉንጩን ያሳያል፤ በኤዲቲንግ ጊዜ ብርሃኑን ከፍ አድርጋችሁ ፈትሹት፣ ሌላውም ሰው ያንኑ ማድረግ ይችላል። ቀለበት፣ ንቅሳት፣ በመስኮት የሚታይ ሕንፃ፣ የጊታሩ ጭረት ሁሉ ስም ናቸው።

የድምፅን ቃና ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ መደበቂያ አይደለም። በዚያው መጠን መልሶ ማንሳት ይቻላል። ቃሉን ጽፋችሁ በሌላ ሰው አስነብቡት፣ ያንንም ለተመልካች ንገሩ። ዋናውን ድምፅ ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ድምፅን ወደ ጽሑፍ መለወጫ አትላኩ።

ከሁሉ የሚብሰው ይህ ነው፦ ሙዚቀኛን በጥላ ደብቆ ዘፈኑን ማሰማት። ድምፁን የሚያውቅ፣ የጊታር አመታቱን የሚያውቅ በአሥር ሰከንድ ይለየዋል። ማንነቱ የተደበቀ ሙዚቀኛ በፊልሙ ውስጥ አይዘፍንም፣ አይጫወትም። ያማል፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

ፋይሉም ይናገራል። ከስልክ የመጣ ፎቶ የጂፒኤስ ቦታ፣ ከካሜራ የመጣ ቪዲዮ ቀንና የመለያ ቁጥር ይይዛል። ለኤዲተር ከመሰጠቱ በፊት ይጽዳ፣ የፋይሉም ስም ቁጥር ብቻ ይሁን። የስሙና የቁጥሩ ማዛመጃ በወረቀት፣ በሌላ ቦታ።


#7 የሸክላ_ነገር

ጥላ_ጠባቂ ላይ አንድ ልጨምር። የድሮ የምሽት ክለብ ፎቶዎች ላይ መድረኩ ላይ ያለው ዘፋኝ የታወቀ ሊሆን ይችላል፤ ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ግን ከ40 ዓመት በኋላ ልጅና የልጅ ልጅ ያላቸው፣ ለማንም ያልተናገሩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። «ፎቶው ድሮ ታትሟል» በቂ መልስ አይደለም፤ ያኔ የታተመው ለአንድ ከተማ ጥቂት መቶ አንባቢ ነበር። ፎቶውን ወደ መድረኩ አስጠግታችሁ ቁረጡት፤ ሕዝቡ ማየት ካለበት ከኋላ የተነሳውን ምረጡ።


#8 ግርጌ_ጸሐፊ

ወደ አማርኛው ልምጣ፤ እዚህ ላይ የሚጠፋው ብዙ ነው።

እንግሊዝኛ ዘፈን ውስጥ «አንተ» እና «አንቺ» አንድ ቃል ናቸው። ሙዚቀኞቹ ለአሥርት ዓመታት የተሸሸጉት በዚያ ቃል ነው፤ የሚወዱትን ሰው ጾታ ሳይናገሩ ሙሉ የፍቅር ዘፈን መዝፈን ይቻል ነበር። አማርኛ ግን ያጋልጣል። በመቀራረብ ቋንቋ «እወድሃለሁ» ወይም «እወድሻለሁ» ከማለት በቀር ሌላ በር የለም፣ ግሡ ራሱ ይናገራል። ተርጓሚ ሳያስብ ወንድ ዘፋኝ ነው ብሎ «እወድሻለሁ» ሲጽፍ ዘፋኙ በጥንቃቄ የሸሸገውን እሱ በገዛ እጁ ውሸት አደረገው ማለት ነው።

መውጫው ከራሱ ከዘፈናችን ቋንቋ ይገኛል። «ሆዴ»፣ «ዓይኔ»፣ «ዓለሜ»፣ «ፍቅሬ» ጾታ የላቸውም። ግሡንም ወደ ተናጋሪው አዙሩት፦ «እወድሃለሁ» ሳይሆን «ፍቅር ያዘኝ»፤ «ናፍቀሽኛል» ሳይሆን «ናፍቆት በላኝ»። ዘፋኙ በዘፈኑ ውስጥ ጾታውን በግልጽ የተናገረ ከሆነ ደግሞ አትሸሽጉለት፤ ያ ድፍረቱ ነው።

ስለ ሰዎቹ አጠራር፦ «ግብረ ሰዶማዊ» የሚለው ቃል ፍርዱን በውስጡ ይዟል፤ የተራኪ ቃል ሊሆን አይችልም። «ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ»፣ ወይም እንደሚጠሩበት «ጌይ»፣ «ሌዝቢያን»፣ «ትራንስ» ይባል። ነገር ግን በድሮ ቀረጻ ላይ አንድ ተቃዋሚ ሲሳደብ ስድቡን አታለሳልሱ። ተመልካቹ ዘፋኞቹ ምን ይባሉ እንደነበር ማንበብ አለበት።

ወንድም ሴትም ሳይባሉ መጠራት ለሚፈልጉ ሙዚቀኞች፣ እንደ ሳም ስሚዝ፣ አማርኛ «እሳቸው» አለው። ጾታ አይለይም። ችግሩ ዕድሜና ማዕረግ ይጨምራል፤ ወጣት ዘፋኝን የሰፈር ሽማግሌ ያስመስላል። በአንድ ፊልም ውስጥ ግን ሁሉንም ባለታሪክ «እሳቸው» ካላችሁ ጉዳዩ ይፈታል፤ ጆሮ በአምስት ደቂቃ ይለምደዋል፣ ክብሩም ለሁሉም እኩል ይደርሳል።

ቴክኒኩ አጭር ነው፦ ሁለት መስመር፣ በመስመር እስከ 32 ፊደል፣ ከ1 ሰከንድ የማያንስ ከ6 የማይበልጥ። ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኮድ ይቀመጥ፣ አለዚያ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ወይም የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ለአዳራሽ የሚላክ ቅጂ ላይ ጽሑፉ ከምስሉ ጋር ተጋግሮ ይውጣ፤ የአዳራሹ ማጫወቻ የግዕዝ ፊደል ላይኖረው ይችላል።


#9 ቆርጦ_ቀጣይ

ግርጌ_ጸሐፊ፣ አንድ ከባድ ላምጣ። ጃኪ ሼን። ናሽቪል የተወለደች፣ ቶሮንቶ ውስጥ የነገሠች ትራንስ ዘፋኝ። ዊሊያም ቤል የደረሰውን ዘፈን እሷ ዘፍናው በ1963 በቶሮንቶው ቸም ሬዲዮ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ። ካናዳ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ከወንጀል ያወጣችው በ1969 ነው፤ ስድስት ዓመት ቀድማለች። በዘፈኑ ውስጥ «ጌይ» የሚለው ቃል አለ፤ ያኔ ለሰፊው ሕዝብ «ደስተኛ» ማለት ነው፣ ለሚያውቁት ሌላ። ሰምና ወርቅ ነው በቃ። «ደስተኛ» ብንል ወርቁ ሞተ፤ «ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» ብንል ሰሙ ቀለጠ፣ ሬዲዮው እንዴት እንዳጫወተውም አይገባም። ደግሞ የዘመኑ ጋዜጦች «እሱ» ይሏታል።


#10 ወርቅ_ፈላጊ

በግርጌው ቅንፍ ውስጥ ማብራሪያ ይጨመር። ሁለቱም ትርጉም ይግባ።


#11 ግርጌ_ጸሐፊ

አልስማማም። ቅኔ በቅንፍ ሲፈታ ተመልካቹ ዘፈኑን ትቶ ያነባል፤ ያ ቃል የሚሰማው ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። የጋዜጦቹ ቀላል ነው፦ የ1960ዎቹ ጸሐፊ «እሱ» ካለ «እሱ» ተብሎ በትምህርተ ጥቅስ ይተርጎም፣ የፊልሙ ተራኪ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እሷ» ይበል፣ ሁሉንም «እሳቸው» የሚል ፊልም ከሆነም «እሳቸው»። ልዩነቱን ተመልካቹ ራሱ ያየዋል። ስለ ቃሉ ላስብበት።


#12 ድምፅ_ሚዛን

ትራንስ ሙዚቀኞች ከተነሱ የድምፃቸውን ነገር በትክክል እንናገር፤ ፊልሞች እዚህ ላይ ያጭበረብራሉ። ቴስቶስትሮን የሚወስድ ሰው የድምፅ አውታሮቹ ስለሚወፍሩ ድምፁ በወራት ውስጥ ይወርዳል፣ መድኃኒቱን ቢያቆምም አይመለስም። ኤስትሮጅን ግን የበሰለ ድምፅን ከፍ አያደርግም፤ ትራንስ ሴት ዘፋኝ ድምፅ የምትለውጠው በአብዛኛው በልምምድ ነው፣ ካልፈለገችም አትለውጠውም። ስለዚህ «ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላ» እያሉ ሁለት ቅጂ ማጋጠም ለሁሉም አይሠራም፤ ለሚሠራባቸውም ቢሆን ባለቤቱ የድሮ ድምፁ እንዲሰማ መፍቀድ አለበት። የድሮ ስምም እንዲሁ፦ በሸክላው ሽፋን ላይ ከታተመ በምስሉ ላይ ይቆይ ወይስ ይሸፈን ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን በውሉ ጻፉ።

ስለ ቀረጻ፦ ቃለ መጠይቅ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዲቢ አካባቢ። የደረት ማይክና ከላይ የሚንጠለጠል፣ በሁለት የተለያየ ትራክ። ሰው ሳይናገር የክፍሉን ዝምታ 60 ሰከንድ ቅዱ፤ ኤዲተሩ ሲቆርጥ የሚያጣብቅበት ሙጫው ነው። ኮንሰርት ላይ ከሚክሰሩ ብቻ አትውሰዱ፣ ሕዝቡ አይሰማም። የአንድ ትራንስ ዘፋኝ ስም ሲጠራ አዳራሹ የሚሰጠው ጩኸት ግማሽ ታሪክ ነው። ሁለት ማይክ ወደ ሕዝቡ አዙሩ። ድምፅ በአንድ ሜትር 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ከመድረኩ 30 ሜትር የራቀ ማይክ 87 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፣ ሲቀናበር ያንን ወደ ፊት ሳቡት፣ አለዚያ የገደል ማሚቶ ይሆናል። ለአውሮፓ ቴሌቪዥን የሚላክ ከሆነ የመጨረሻው ጠቅላላ ጩኸት ከዜሮ በታች 23 ሉፍስ ነው።


#13 ውል_አንባቢ

የጃኪ ሼንን ዘፈን ለምትጠቀሙ፦ ድርሰቱ የዊሊያም ቤል ወገን፣ ቅጂው የሌላ። በሙዚቃ ዝርዝር ሰነዱ ላይ የዘፈን ርዕስ፣ ደራሲ፣ የድርሻ መቶኛ፣ የሰማንበት ርዝመት በሰከንድ፣ ከጀርባ ወይስ በምስል የሚለው ለየብቻ ይሞላ። ይህ ሰነድ ካልተላከ ደራሲው ከቴሌቪዥን ስርጭት የሚገባውን አያገኝም። እኩልነትን የሚሰብክ ፊልም የደራሲውን ድርሻ በስንፍና ካስቀረ ያሳፍራል።


#14 ግርጌ_ጸሐፊ

ቆርጦ_ቀጣይ፣ የቃሉን ነገር አሰብኩበት። ሰብታይትሉ ሊሸከመው አይችልም፤ ቅንብሩ ይሸከመው። ከዘፈኑ በፊት ወደ 20 ሰከንድ የሚሆን ክፍል አስገቡ፦ አንድ የዘመኑ ሰው ወይም ተራኪው «ጌይ» ያኔ በሬዲዮ ጣቢያው ምን ማለት እንደነበር፣ ጃኪ በምትዘፍንበት የዮንግ ጎዳና ክለብ ውስጥ ደግሞ ምን ማለት እንደነበር ይናገር። ጠቅላላው ይኸው ነው፣ ስለ ዘፈኑ ምንም አይባል። ከዚያ ዘፈኑ ይጀመር፣ ቃሉ ሲደርስ ግርጌው ላይ «ጌይ» ብቻ ይጻፍ፣ ሳይተረጎም፣ ያለ ቅንፍ። ማብራሪያው ከዘፈኑ በኋላ ከመጣ ግን አይሠራም፤ ተመልካቹ ቃሉን አንዴ «ደስተኛ» ብሎ ካሳለፈው በኋላ ቢነግሩትም ዘፈኑን መልሶ አይሰማውም።


#15 ቆርጦ_ቀጣይ

ይሄ ነው። ሰንጠረዡ ላይ 1963ን ከ1969 ጋር ያስቀመጥኩበት ረድፍም እዚያው 20 ሰከንድ ውስጥ ይገባል፤ የሕጉ ዓመት በጽሑፍ ብቻ፣ ድምፅ ሳይኖር፣ የመጀመሪያው ከበሮ እስኪመታ።